የጠፈር ምርምር በጀት ሲያጥር ማን ይቅደም?

ጥያቄ፦ «የጠፈር ምርምር ገንዘብ እንዴት ይከፋፈል የሚለውን አጥንቶ ሐሳብ በሚያቀርብ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ሰው ወደ ጨረቃ መላክ፣ ወደ ሌሎች ፕላኔቶች የሚሄዱ መንኮራኩሮች፣ ትልልቅ ቴሌስኮፖች፣ ምድርን የሚቃኙ ሳተላይቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ምርምር፤ ሁሉም ዓይናቸው አንድ ቋት ላይ ነው። እኔ ያሰብኩት ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ነጥብ ሰጥተን፣ ከላይ ጀምረን ገንዘቡ እስኪያልቅ መመደብ ነው። ርካሾቹን ካስቀደምን ደግሞ ብዙ እንሠራለን። ይህ አካሄድ ያዋጣል? ምድር ላይ ስንት ችግር እያለ ለሚሉንስ ምን እንበል?»

መልስ፦ አያዋጣም። ነጥብ ሰጥቶ መደርደር የሚሠራው ዋጋቸው የታወቀና ባሕርያቸው የሚቀራረብ ነገሮችን ለማወዳደር ነው። እናንተ ፊት የሚቀርበው ግን ዋጋው ገና ያልታወቀ፣ ባሕርይውም የማይገናኝ ነገር ነው። የአየር ሁኔታ ሳተላይትና የዩራነስ ተልዕኮ አንድ ሚዛን ላይ ወጥተው የሚገኘው ድምር ቁጥር ነው እንጂ ትርጉም የለውም። ከደረጃው በፊት የምትወስኑት ሦስት ነገር አለ፦ ለየትኛው ዘርፍ ምን ያህል ድርሻ፣ አንድ ፕሮጀክት ምን ሲያሟላ ሙሉ ገንዘብ ይለቀቅለታል፣ ምን ሲሆን ደግሞ ይቆማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዋጋው ልጀምር፤ አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው እዚያ ነው። ለኮሚቴ የሚቀርብ የመጀመሪያ አኃዝ ግምት እንጂ ዋጋ አይደለም። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ መጀመሪያ ሲታሰብ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚፈጅና እስከ 2010 ባለው ጊዜ እንደሚመጥቅ ተገምቶ ነበር። የመጠቀው ዲሴምበር 25 ቀን 2021 ሲሆን ጠቅላላ ወጪው 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል ደርሷል። ልዩነቱን ሌብነት አላመጣውም። ሐሳቡን የሚያቀርበው ቡድን ከሌሎች ተወዳድሮ ማሸነፍ ስላለበት፣ ሳይዋሽም ቢሆን፣ ሁሉ ነገር ሲሳካለት የሚያወጣውን ወጪ ያቀርባል። ተሠርቶ የማያውቅ ዕቃ ደግሞ ዋጋው ከየትም አይገኝም። ዋናው ምክንያት ግን ገንዘቡ የሚያልቀው በብረትና በመስታወት ሳይሆን በደመወዝ መሆኑ ነው። አንድ ክፍል ሲዘገይ ገጣጣሚው፣ ፈታሹ፣ የሶፍትዌሩና የምድር ጣቢያው ቡድን ሁሉ እየተከፈለው ይጠብቃል። በ2018 የዌብ የፀሐይ መከላከያ በድምፅ ንዝረት ሲፈተሽ ከሽፋኑ ላይ ብሎኖችና ዋሸሮች ረገፉ። የረገፉት ዕቃዎች ዋጋቸው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። እያንዳንዱን ፈልጎ ማግኘትና አተሳሰሩን አስተካክሎ እንደገና መፈተሽ ግን ወራት ወሰደ፤ በነዚያ ወራት የደመወዝ ቀን አልተቋረጠም።

ጉዳቱም በዚያው ፕሮጀክት ላይ አይቀርም። በብረት የበለጸገ ነው ወደሚባለው አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ዐለት መሰል አካል) የምትሄደው መንኮራኩር ሳይኪ፣ የበረራ ሶፍትዌሯ ተፈትሾ በጊዜ ስላልደረሰ የ2022 መነሻዋ አመለጣትና በኦክቶበር 2023 መጠቀች። ገለልተኛ መርማሪዎች ነገሩን ሲያጣሩ ከሥሩ ያገኙት የባለሙያ እጥረት ነበር። ያንን እጥረት ለመሸፈን ሲባል ምንም ያላጠፋው ቬሪታስ የተባለው የቬነስ ተልዕኮ ቢያንስ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ተገፋ። በነጥብ ሰንጠረዣችሁ ላይ ሳይኪና ቬሪታስ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ይሆኑ ነበር። በተግባር ግን የሚሠሯቸው ሰዎች አንድ ናቸው።

ስለዚህ ገንዘብ በበር፣ ማለትም ፕሮጀክቱ መመዘኛ ባለፈ ቁጥር ብቻ፣ ይለቀቅ። የመጀመሪያው በር የቴክኖሎጂ ዝግጁነት ነው። በዘርፉ ከ1 እስከ 9 የሚሄድ መለኪያ አለ፤ 1 ወረቀት ላይ ያለ መሠረታዊ ሐሳብ፣ 9 ደግሞ ጠፈር ላይ ሥራውን ያስመሰከረ ዕቃ ነው። አዳዲስ ክፍሎቹ ደረጃ 6 ላይ ሳይደርሱ ለፕሮጀክቱ ሙሉ ገንዘብ አይፈቀድ። ደረጃ 6 ማለት ናሙናው የሚሠራበትን ሁኔታ በሚመስል ቦታ፣ አየር በሌለው ክፍል ውስጥ፣ በሙቀትና በቅዝቃዜ፣ በንዝረት ተፈትሾ ያለፈ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ያለውን ሥራ በትንሽ ቡድን፣ በትንሽ ገንዘብ፣ ከፕሮጀክቱ ውጭ ባለ የቴክኖሎጂ ማብሰያ መስመር ክፈሉለት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ያው ችግር አምስት መቶ ሰው ከተቀጠረ በኋላ ሲመጣ ዋጋው ሌላ ነው።

ሁለተኛው በር የመተማመኛ ደረጃ ነው። ናሳ ትልልቅ ፕሮጀክቶቹን የሚበጅተው በተባለው ገንዘብም በተባለው ጊዜም የመጠናቀቅ ዕድላቸው 70 በመቶ በሚሆንበት መጠን ነው። በ50 በመቶ መበጀት ማለት ሳንቲም መወርወር ነው። ከዚህ ሌላ መጠባበቂያ ያስፈልጋል፦ በውድድር ለሚመረጡ ተልዕኮዎች ቢያንስ 25 በመቶ መጠየቅ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ፣ 25 በመቶው ከምን ላይ ይሰላል የሚለው ነው። ከቀረው ሥራ ላይ መሰላት ሲገባው ከጠቅላላው ዋጋ ላይ ካሰሉት፣ በወረቀት ላይ ያለው መጠባበቂያ እውነተኛውን ሁኔታ ይሸፍናል። ሌላው ዓመቱ ነው። ችግር የሚበዛው በግጥሚያና በፍተሻ ዓመታት ሆኖ ሳለ መጠባበቂያው ወደ መጨረሻው ዓመት ተገፍቶ ከተቀመጠ፣ ገንዘቡ እያለ ሥራው ይቆማል። የዓመታዊ በጀት ቀመርም እንዲሁ ነው። ጠፈር ላይ የሚሠራ ዕቃ ወጪው መሐል ላይ ያብጣል። «ለሁሉም በየዓመቱ እኩል» ብላችሁ ያን እብጠት ከጨፈለቃችሁት የዘንድሮ ወጪ ይቀንሳል፤ ጠቅላላው ዋጋ ግን ይጨምራል።

«ርካሹን እናስቀድም» የሚለው ሐሳብ ግማሹ ልክ ነው። በ1990ዎቹ ናሳ ወጪ ቆርጦ ብዙ ተልዕኮ ለመላክ ሞክሮ ጥሩ ጥሩ ውጤት አግኝቶበታል። በ1999 ግን ሁለት የማርስ መንኮራኩሮችን በተከታታይ አጣ። አንደኛው የጠፋው የምድሩ ሶፍትዌር የግፊት መጠንን በፓውንድ ሲያወጣ የመንገድ ቀያሾቹ በኒውተን ስላነበቡት ነው። ሁለተኛው፣ በምርመራው ሚዛን የደፋው ማብራሪያ እንደሚለው፣ እግሮቹ ሲዘረጉ የተፈጠረውን ንቅናቄ መሬት የነካ መስሎት ሞተሩን ገና አየር ላይ ሳለ አጠፋ። ሁለቱም ስህተቶች በምድር ላይ በሙሉ ቅንብር ቢፈተሹ የሚያዙ ነበሩ። የሀብል ቴሌስኮፕም እንደዚሁ ነው፦ መስታወቱ ሲሞረድ ቅርጹን የሚለካው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ከቦታው በመዛነፉ የመስታወቱ ጠርዝ በ2.2 ማይክሮ ሜትር ጠፍጣፋ ሆኖ ተሞረደ። ሙሉውን ቴሌስኮፕ አንድ ላይ መፈተሽ ውድ ነው ተብሎ ቀረ። በዲሴምበር 1993 ጠፈርተኞች ሄደው እስኪያርሙት ሦስት ዓመት ከግማሽ በብዥታ ሠራ። እንግዲህ ገንዘብ ሲጠብ መቆረጥ ያለበት ዓላማው ነው እንጂ ፍተሻው አይደለም። ስድስት መሣሪያ ከታሰበ ሦስት ይጫን፤ ሦስቱ ግን በደንብ ይፈተሹ።

ሰዎች ብዙ ጊዜ ቻንድራያን 3ን እየጠቀሱ «ሕንድ በ615 ክሮር (6.15 ቢሊዮን) ሩፒ ጨረቃ ላይ ካረፈች ሌላው ለምን ቢሊዮን ያወጣል?» ይላሉ። ስኬቱ ትልቅ ነው። ዋጋው የሚነበበው ግን ከነዝርዝሩ ነው፦ ላንደሩ፣ ማለትም ጨረቃ ላይ የሚያርፈው ክፍል፣ የታቀደለት ዕድሜ አንድ የጨረቃ ቀን፣ ማለትም 14 የምድር ቀን ገደማ ነበር። ለመገናኛ በ2019 የተላከውን የቻንድራያን 2 መንኮራኩር ተጠቅሟል፤ የቻንድራያን 2 ላንደር ተከስክሶ የተገኘው ትምህርትም ተከፍሎበት ያለቀ ነበር። የመሐንዲስ ደመወዝ ልዩነትም አለ። አሥር ዓመት ተጉዞ አሥር ዓመት ከሚሠራ ዕቃ ጋር ይህን ማወዳደር ብስክሌትን ከባቡር ማወዳደር ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ትንንሽ ሳተላይቶችን የምትደግፉ ከሆነ ደግሞ ከአሥሩ ሁለት ሦስቱ ሊከሽፉ እንደሚችሉ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። የመጀመሪያው ሲከሽፍ ደንግጣችሁ የትልቁን ተልዕኮ ቁጥጥርና ሰነድ ከጫናችሁባቸው ርካሽነታቸው በዚያው ያበቃል።

ወደ ዘርፎቹ ስንመጣ፣ የሰው በረራን ከሳይንስ ቋት አውጡት። ይህን የምለው ንቄው አይደለም። ሰው የሚላክበት ምክንያት የአገር አቅም፣ ክብር፣ ፖለቲካና የረጅም ጊዜ ምኞት ነው። ዳኛውም የተመረጠ መንግሥት እንጂ የሳይንቲስቶች ጉባኤ አይደለም። መጠኑም አይመጣጠንም፦ የናሳ ዋና ኢንስፔክተር በ2022 እንደገለጸው ሰው ወደ ጨረቃ የሚመልሰው የአርጤሚስ ፕሮግራም የመጀመሪያ በረራዎች እያንዳንዳቸው ወደ 4.1 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃሉ። የናሳ የሳይንስ ክፍል የ2024 ዓመታዊ በጀት በጠቅላላ 7.3 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። በአንድ ቋት ከተቀመጡ አንድ የበረራ መዘግየት የሳይንሱን ዓመት ይበላዋል።

ምድርን የሚቃኙ ሳተላይቶችም ይለዩ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የእነዚህ ዋጋ ያለው አለመቋረጣቸው ላይ ነው። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ተከታታይ ሳተላይቶች አሉ፤ ይህ ተከታታይ ከ1972 ጀምሮ የምድርን ገጽ ይቀርጻል፤ የጎደለ ዓመት ቢኖር ወደ ኋላ ተመልሶ የሚገዛው የለም። በግኝት ነጥብ ብታወዳድሯቸው ሁልጊዜ ይሸነፋሉ፤ ምክንያቱም አምስተኛው ሳተላይት የአራተኛውን ሥራ ነው የሚሠራው። እንደ አገልግሎት በጅቷቸው። መረጃውንም በነፃ ልቀቁ፦ በ2000ዎቹ የላንድሳት ምስል አንዱ እስከ 600 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በ2008 ነፃ ሲደረግ ተጠቃሚው ከነበረው በብዙ እጥፍ አደገ። አስትሮይድ የመከላከል ሥራም ከዚሁ ጋር ይሂድ። ዳርት የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በሴፕቴምበር 2022 ሌላ ትልቅ አስትሮይድ የምትዞር ትንሽ አስትሮይድ ገጭታ የዙረቷን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ያህል አሳጥራለች። ዘዴው ይሠራል ማለት ነው፤ የሚቀረው አስቀድሞ ማየት ነው። አስትሮይድ የሚፈልገው ኒኦ ሰርቬየር የተባለ የጠፈር ቴሌስኮፕ ግን በበጀት ቅነሳ ምክንያት ከ2026 ወደ 2028 ተገፍቶ ነበር።

አሁን ማንም የማይጠይቃችሁ፣ ግን ብዙ ዕቅድ የሚሰናከልበት ነገር ላይ ልቆይ፤ የጋራ ዕቃዎች። ከፀሐይ ርቆ የሚሄድ መንኮራኩር በፀሐይ ኃይል ለመሥራት ስለሚቸገር ፕሉቶኒየም 238 የተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በሚያወጣው ሙቀት ይሠራል። አሜሪካ ይህን ማምረት በ1980ዎቹ መጨረሻ አቁማ ነበር፤ በ2015 እንደገና ስትጀምር የመጀመሪያው ምርት 50 ግራም ነበር፤ የተያዘው ግብ በዓመት 1.5 ኪሎ ግራም ነው። ወደ ፕሉቶ የሄደችው ኒው ሆራይዘንስ 11 ኪሎ ያህል ይዛለች። አካፍሉት፦ የአንዲት መንኮራኩር ነዳጅ በሙሉ ምርት ከሰባት ዓመት በላይ ይጠይቃል። ሁለት የሩቅ ፕላኔት ተልዕኮ በአንድ አሥር ዓመት ያጸደቀ ኮሚቴ ገንዘቡን ቢያገኝም ነዳጁን ላያገኝ ይችላል። አንቴናም ያው ነው። የናሳ የጥልቅ ጠፈር መገናኛ በካሊፎርኒያ፣ በማድሪድና በካንቤራ ያሉ ሦስት ጣቢያዎች ነው። በ2022 መጨረሻ አርጤሚስ 1 ሲበር ሰፊ የአንቴና ሰዓት ስለወሰደ የሳይንስ ተልዕኮዎች ሰዓት ተቀነሰባቸው። አንድ ተልዕኮ ከማጽደቃችሁ በፊት «በቀን ስንት ሰዓት አንቴና ትፈልጋላችሁ? በዚያ ዓመት ማን ማን ተመዝግቧል?» ብላችሁ ጠይቁ። የመነሻ ጊዜንም እንዲሁ፦ የማርስ መስኮት የሚከፈተው በየ26 ወሩ ነው፤ ሁለት ሳምንት ያመለጠው ፕሮጀክት የሁለት ዓመት ደመወዝ ይከፍላል።

ከሁሉ የሚዘነጋው መረጃውን የሚተነትነው ሰው ነው። መንኮራኩር ሠርቶ ለተንታኝ ገንዘብ አለመመደብ እህሉን አጭዶ አውድማ ላይ መተው ነው። የድጎማ ገንዘቡ ትንንሽ ስለሆነ፣ የሚከራከርለት ትልቅ ኩባንያም ስለሌለ፣ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። በሥራ ላይ ያሉ አሮጌ መንኮራኩሮችም እንደዚሁ ናቸው። የግንባታ ወጪያቸው አልቋል፤ የቀረው የማንቀሳቀሻው ብቻ ነው። ናሳ እነዚህን በየሦስት ዓመቱ በገለልተኛ ገምጋሚዎች ያስመዝናል፤ መመዘኛው ያለፈ ዝናቸው ሳይሆን ከዚህ በኋላ የሚያወጡት ሳይንስ ነው። ይህን አሠራር ሳትቀይሩ ውሰዱት።

ሳይንሱን ማን ይመዝን? በአሜሪካ የዘርፉ ሳይንቲስቶች በየአሥር ዓመቱ ተሰብስበው ቅደም ተከተል ያወጣሉ። በ2022 የወጣው የፕላኔቶች ሰነድ የማርስን ናሙና ወደ ምድር ማምጣትን አስቀደመ፤ ቀጥሎ የዩራነስን ተልዕኮ። ጥንቃቄም አድርጎ ነበር፦ የናሙናው ወጪ ከተገመተው 5.3 ቢሊዮን በ20 በመቶ ካለፈ ወይም ከፕላኔት ሳይንስ ዓመታዊ በጀት 35 በመቶ ገደማ ከበለጠ ናሳ ተጨማሪ በጀት ይጠይቅ አለ። በ2023 ገለልተኛ ቡድን ዋጋውን ከ8 እስከ 11 ቢሊዮን አደረሰው፤ በ2024 ናሳ ራሱ 11 ቢሊዮኑንም የ2040ውን መድረሻም አልቀበልም አለ። በእኔ ግምት ልጓሙ የላላው እዚህ ላይ ነው፦ «ሲያልፍ ተጨማሪ ይጠየቅ» ይላል እንጂ ተጨማሪው ካልመጣ ምን እንደሚቆም አይልም። የአሜሪካ ሕግ ለናሳ ፕሮጀክቶች ጠንከር ያለ ነው፦ ወጪው ከመነሻው 15 በመቶ ካለፈ ለኮንግረስ ሪፖርት ይቀርባል፤ 30 በመቶ ካለፈ ኮንግረስ በአዲስ መልክ ካልፈቀደው በቀር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ይቋረጣል። እንደዚህ ያለ አንቀጽ ያስፈልጋችኋል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራልና።

ስታቋርጡም የወጣውን ገንዘብ አትቁጠሩ፤ የሚቀረውን ወጪ ከሚቀረው ጥቅም ጋር ብቻ አነጻጽሩ። ናሳ በጁላይ 2024 ቫይፐር የተባለችውን የጨረቃ ተሽከርካሪ ሊያቋርጥ ሲወስን 450 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶ፣ ተሽከርካሪዋም ተገጣጥማ ነበር፤ ይድናል የተባለው ቢያንስ 84 ሚሊዮን ነው። በ2025 ግን ተሽከርካሪዋን ጨረቃ ላይ ለማድረስ ብሉ ኦሪጂን ከተባለው የሮኬት ኩባንያ ጋር ውል ተፈጸመና ነፍስ ዘራች። ማቋረጥ የሚያዋጣው ገና በንድፍ ላይ ሳለ ነው።

«ምድር ላይ ችግር እያለ» ለሚለው፣ ገንዘቡ ወደ ሰማይ አይሄድም፤ ደመወዝና ግዢ ሆኖ እዚሁ ይቀራል። መጠኑንም ንገሯቸው፦ የናሳ ድርሻ በ1966 ከአሜሪካ ፌዴራል ወጪ ከ4 በመቶ በላይ ነበር፤ ዛሬ ከግማሽ በመቶ በታች ነው። ግን «ከጠፈር ምርምር ይህና ያ ዕቃ ተገኘ» በሚለው ክርክር አትመኩ። ዕቃው ከተፈለገ በቀጥታ ገንዘብ መድቦ መሥራት ይረክሳል። ለሳይንሱ የምትከራከሩ ከሆነ በሳይንስነቱ ተከራከሩለት።

የምመክረው ይህ ነው። የሰው በረራና የምድር ቅኝት ከተለዩ በኋላ የሚቀረውን የሳይንስ ገንዘብ መቶ ብትሉት፣ 15ቱ ለምርምር ድጎማና ለመረጃ ትንተና፣ 10ሩ ለቴክኖሎጂ ማብሰያ፣ 10ሩ በሥራ ላይ ላሉ መንኮራኩሮች፣ 30ው በየሁለት ሦስት ዓመቱ ሳያዛንፍ በሚወጣ ውድድር ለሚመረጡ አነስተኛና መካከለኛ ተልዕኮዎች፣ ቢበዛ 25ቱ ለአንድ ትልቅ ተልዕኮ፣ 10ሩ ለማንም ሳይመደብ በኮሚቴው እጅ ይቆይ። ሁለት ትልቅ ተልዕኮ በአንድ ጊዜ በግንባታ ላይ አይኑር። ነጥብ መስጠት የምትችሉት በየመደቡ ውስጥ ነው፤ እዚያ ይጠቅማል። ገንዘቡ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቆመው በሩን ያላለፈ ትልቅ ተልዕኮ ነው፤ ቀጥሎ አዲስ ውድድር ይዘግይ። ግንባታ ላይ ያለና ወጪውን ያላለፈ ፕሮጀክት አይነካ፤ ድጎማው የመጨረሻው ይሁን። ቁጥሮቹ የእኔ ግምገማ ናቸው፤ በአምስት ወዲህ ወዲያ ብታደርጓቸው አልከራከርም፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትንኩ።

ጠቅላላ ገንዘባችሁ ትልቅ ተልዕኮ የማይሸከም ከሆነ 25ቱን በሌላ ተልዕኮ ላይ መሣሪያ ለመጫን አውሉት። አውሮፓ ለዌብ መሣሪያዎችና የአሪያን 5 ማስወንጨፊያ አቅርባ ቢያንስ 15 በመቶ የምልከታ ሰዓት አግኝታለች። ስምምነቱ ሲፈረም ግን አንድ ነገር ይረጋገጥ፦ አጋሩ ቢወጣ ሥራው ይቆማል ወይ? የአውሮፓ የማርስ ተሽከርካሪ በሴፕቴምበር 2022 ሊመጥቅ ሲል የሩሲያ ትብብር በመቋረጡ ማረፊያውንም ሮኬቱንም አጥቶ ወደ 2028 ተገፍቷል።

የማቆሚያውን ደንብ የፕሮጀክቶቹ ስም ጠረጴዛ ላይ ሳይወጣ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ጽፋችሁ ፈርሙበት። ስም ከወጣ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ለአንዱ የተሰፋ ልብስ ነው የሚሆነው።